ያቺ ትንሽ ሳጥን

(ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለተሰበሰቡ አነስተኛ ነጋዴዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናገር፤ እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ሒሳብ እሠራለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ። የፍርድ ቤት ውሳኔ ማንበብ የጀመርኩትም ወድጄ አይደለም። ደንበኞቼ ለዓመታት የሞሉት ፎርም በአንድ ጊዜ ሲለወጥ «ለምን?» ብለው ስለጠየቁኝ ነው።

ፎርም ላይ ሁላችሁም የምታውቋት አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። «ብላክ ኦር አፍሪካን አሜሪካን» ትላለች። አገር ቤት ሳለን ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ጠቆር ያለ እንባባል ነበር። እሱም ለትዳር ወሬ ካልሆነ ብዙ ቁም ነገር አልነበረውም። እዚህ ከመጣን ግን ሻንጣችን ሳይፈታ ሳጥኗ ላይ ምልክት አድርገናል። ለአብዛኞቻችን ምንም አላመጣችም። በንግድ ለተሰማሩት ግን በር የከፈተችበት ጊዜ ነበር። ዛሬ የማወራው ስለዚያ በር ነው።

ሁለት ፕሮግራሞችን ልጥቀስ። አንዱ ኤይት ኤ የሚባለው ነው። የሚያስተዳድረው የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር፣ ማለትም ኤስቢኤ ነው። የገባ ድርጅት እስከ 9 ዓመት ይቆያል፤ አንዳንድ የፌዴራል ሥራም ለነዚህ ድርጅቶች ብቻ ይያዛል። ሁለተኛው ዲቢኢ ነው። የመንገድ፣ የድልድይና የኤርፖርት ሥራ ላይ ይሠራል። ኮንግረስ በ1983 ሲጀምረው ከገንዘቡ ቢያንስ 10 በመቶው የተጎዱ ወገኖች ወደያዟቸው አነስተኛ ድርጅቶች እንዲሄድ ነበር ሐሳቡ። ኤርፖርት ውስጥ ቡና የሚሸጥም በእህት ፕሮግራሙ ይገባል።

ሁለቱም «በማኅበራዊና በኢኮኖሚ የተጎዳ» ባለቤት ይፈልጋሉ። የኢኮኖሚው ጉዳት በሀብት መጠን ይለካል። የማኅበራዊውስ? እዚህ ላይ ነው ሳጥኗ የምትገባው። ደንቡ ከዘረዘራቸው ቡድኖች አንዱ ውስጥ ከሆናችሁ እንደተጎዳችሁ ይገመት ነበር፤ አስረዱ አትባሉም ነበር። ጥቁር አሜሪካዊ ማን ነው ለሚለው ደግሞ የዲቢኢው ደንብ መነሻቸው ከአፍሪካ ጥቁር ሕዝቦች የሆኑትን ይጨምር ነበር። ስለዚህ ጎንደር የተወለደውና አያቱ ሚሲሲፒ ውስጥ ጥጥ የለቀሙለት ሰው እዚያ ወረቀት ላይ አንድ ነበሩ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ሕገ መንግሥቱ። በ1868 ሚያዝያ ላይ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሞቱ። 3 ወር ያህል ቆይቶ፣ በሐምሌ፣ አሜሪካ 14ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቀች። የርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ገና 3 ዓመቱ ነው። ማሻሻያው ማንኛውም ክፍለ ግዛት በሥልጣኑ ሥር ላለ ለማንኛውም ሰው የሕግን እኩል ጥበቃ እንዳይነፍግ ይከለክላል። «ዜጋ» አይልም፤ «ሰው» ነው የሚለው። በ1886 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ልብስ አጥቦ የሚያድር ቻይናዊ ስደተኛ በዚህችው ቃል ከተማውን ረትቷል። የፌዴራሉን መንግሥት ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኋላ በ5ኛው ማሻሻያ በኩል በተመሳሳይ ግዴታ አስሮታል።

ጠቡ ያለው «እኩል» የሚለው ቃል ላይ ነው። አንዱ ወገን ማሻሻያው የመጣው ከባርነት የወጡ ሰዎችን ከወደቁበት ለማንሣት ነው ይላል። ያው ኮንግረስ በዚያው ዘመን ነጻ የወጡትን የሚያስተምርና የሚረዳ መሥሪያ ቤት አቋቁሟል፤ ታዲያ ዘርን አይቶ መርዳት እንዴት ክልክል ይሆናል ብሎ ይሞግታል። ሌላው ወገን ደግሞ መንግሥት ሰውን በቀለሙ መለየት ክፉም ሲያስብ ደግም ሲያስብ አይፈቀድለትም ይላል። እንደነሱ ከሆነ ያ መሥሪያ ቤት እንኳ ይረዳ የነበረው ነጻ የወጣውንና የተፈናቀለውን እንጂ ቀለምን አይደለም። ባለፉት 35 ዓመታት እያሸነፈ የመጣው ይኸኛው ወገን ነው።

እንዴት አሸነፈ? የገረመኝ ነገር፣ ታሪኩ የሚጀምረው ከሽንት ቤት ዕቃ ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው።

ከዚህ በመኪና 2 ሰዓት ያህል ርቃ ያለችው ሪችመንድ በ1983 አንድ ደንብ አወጣች። የከተማዋን ግንባታ የሚወስድ ተቋራጭ ከገንዘቡ 30 በመቶውን ለአናሳ ዘር ድርጅቶች በንዑስ ተቋራጭነት ይስጥ የሚል ነው። ከነዋሪዋ ግማሹ ጥቁር ነበር። በቀደሙት 5 ዓመታት ግን ከከተማዋ ዋና ኮንትራቶች ለአናሳ ድርጅቶች የደረሳቸው 0.67 በመቶ ብቻ ነው። አንድ በመቶ እንኳ አልሞላም። ከዚያ የከተማዋ እስር ቤት የብረት ሽንት ቤት ዕቃ ይገጠምለት ተብሎ ጨረታ ወጣ። ክሮሰን የሚባል ድርጅት ብቻውን ተወዳደረ። ዕቃውን የሚያቀርብለት አናሳ ድርጅት ፈለገ። ያገኘው አንዱ ዋጋ ለመስጠት ዘገየ፤ የሰጠው ዋጋም ከፍ ያለ ነበር። ክሮሰን ከደንቡ ነጻ አድርጉኝ ሲል ከተማዋ እምቢ አለች። ከሰሰ።

በ1989 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 ፈረደለት። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ናቸው። ያ አስደንጋጭ ቁጥር ለምን አልበቃቸውም? ምክንያቱም፣ አሉ፣ ማወዳደር ያለባችሁ ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሳይሆን ሥራውን መሥራት ከሚችሉ ድርጅቶች ብዛት ጋር ነው። ማን፣ ማንን፣ የት እንደበደለ አሳዩኝ ነው ነገሩ። በአገሪቱ በጠቅላላ በደል ነበረ ማለት ብቻውን አይበቃም።

ዳኛ ተርጉድ ማርሻል በተቃውሞ ጻፉ። በርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የባሪያ አሳዳሪዎቹ መንግሥት ዋና ከተማ የነበረችው ሪችመንድ ዛሬ ራሷ መድልዎን ልጠግን ብትል ሊያስደስተን ይገባል፣ እናንተ እጇን ትይዛላችሁ ወይ የሚል መንፈስ አለው ጽሑፋቸው። እኔ ሁለቱንም ሳነብ ልቤ ከማርሻል ጋር ይሄዳል፤ የሒሳብ ሠራተኛው ጭንቅላቴ ግን ኦኮነርን ይሰማል። ተቋራጭ ለመሆን መድን፣ ብድርና ልምድ ያስፈልጋል። እነዚህን ለዘመናት የተከለከለ ሕዝብ ከየት አምጥቶ ነው «ብቁ ድርጅቶች» ውስጥ የሚቆጠረው? የኦኮነር ሒሳብ ትክክል ነው፤ ግን የሚጀምረው ጉዳቱ ካለቀ በኋላ ነው።

የክሮሰን ውሳኔ ውስጥ ግን እኛን የሚነካ ሌላ ነገር አለ። የሪችመንድ ደንብ ጥቁሮችን ብቻ አልነበረም የጠቀሰው። ኤስኪሞዎችና አሊዩቶችም ነበሩበት፤ የአላስካ ሕዝቦች ናቸው። ኦኮነር ሪችመንድ ውስጥ አሊዩት ለመበደሉ አንድ እንኳ ማስረጃ የለም አሉ። ደንቡ በደልን ለመጠገን ከወጣ ያልተበደለው ምን ያደርጋል ነው ጥያቄው። ይህን ሳነብ ቡናዬን አስቀመጥኩ። በ2005 ዳላስ ኤርፖርት ያረፍኩት እኔስ? የሪችመንድን እስር ቤት አይቼው አላውቅም።

ከክሮሰን በኋላ ከተሞች ሁሉ የልዩነት ጥናት የሚባል ነገር ማስጠናት ጀመሩ። አማካሪ ይቀጥራሉ፤ ስንት ብቁ ድርጅት አለ፣ ስንቱ ሥራ አገኘ እያሉ ያስቆጥራሉ። ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ።

በ1995 ደግሞ ተራው የፌዴራሉ መንግሥት ሆነ። አዳራንድ የሚባል የኮሎራዶ ድርጅት የመንገድ ዳር መከላከያ ብረት ይተክላል። ዝቅተኛውን ዋጋ ሰጥቶ ሳለ ሥራው ለሌላ ሄደ፤ ዋናው ተቋራጭ የተጎዳ ድርጅት ከቀጠረ ጭማሪ ክፍያ ያገኝ ነበርና። ፍርድ ቤቱ 5 ለ4፣ ዘርን የሚያይ የፌዴራል ፕሮግራምም በጥብቅ ምርመራ ይታያል አለ። ጥብቅ ምርመራ ሁለት ጥያቄ ነው። መንግሥት እጅግ አስገዳጅ ምክንያት አለው ወይ? ከሆነስ እርምጃው ልክ እንደ ልብስ ተለክቶ የተሰፋ ነው ወይ? ሰፊ ከሆነ ይወድቃል። ለሁሉም በአንድ ልክ ከተሰፋም ይወድቃል።

(በነገራችን ላይ የእኛ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ የዋለውም በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ 1995 ነው። አንቀጽ 35 ሴቶች ከወረሱት የበታችነት እንዲወጡ የድጋፍ እርምጃ መብታቸው ነው ይላል። አንቀጽ 89 ደግሞ በልማት ወደ ኋላ ለቀሩ ብሔር ብሔረሰቦች መንግሥት ልዩ ድጋፍ ያደርጋል ይላል። እዚያ በጽሑፍ የታዘዘው እዚህ በፍርድ ቤት የሚጠረጠር ነው። አሠራሩ አገር ቤት ምን እንደመሰለ ከጀመርኩ ግን እራታችን ይቀዘቅዛል።)

ኮቪድ ነገሩን አፈጠነው። ምግብ ቤት ያላችሁ የ2021ዱን የምግብ ቤቶች ድጋፍ አትረሱትም። 28.6 ቢሊዮን ዶላር ተመደበ፤ የተጠየቀው ከ72 ቢሊዮን በላይ ነበር። በመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት ቅድሚያ የሚያገኙት ከድርጅቱ 51 በመቶው በሴቶች፣ በቀድሞ ወታደሮች ወይም በማኅበራዊ ጉዳት በሚታወቁ ሰዎች የተያዘ እንዲሆን ነበር። ቴኔሲ ውስጥ ጄክስ ባር ኤንድ ግሪል የሚባል ቤት አለ። ባልየው ነጭ ነው፤ ሚስትየው የላቲን ዘር አላት፤ ግማሽ ግማሽ ነው የያዙት። 50 በመቶ እንጂ 51 አይደለም። በአንድ በመቶ ወረፋው ላይ ወደ ኋላ ቀሩ።

የ6ኛው ይግባኝ ፍርድ ቤት በግንቦት 2021 ለነሱ ፈረደ። ዳኛው የቡድኖቹን ዝርዝር አንድ በአንድ አነሡት። ከፓኪስታንና ከሕንድ የመጣ ይገባል፤ ከአፍጋኒስታን፣ ከኢራንና ከኢራቅ የመጣ አይገባም። ከቻይናና ከጃፓን ይገባል፤ ከቱኒዚያ፣ ከሊቢያና ከሞሮኮ አይገባም። ለምን? መንግሥት መልስ አልነበረውም። ያ ሁሉ ሲሆን ገንዘቡ እያለቀ ነው። ተፈቅዶላችኋል የሚል መልእክት ደርሷቸው የነበሩ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ምግብ ቤቶች ተመልሰው ቀርቷል ተባሉ። አስቡት፤ ኪራዩን ልከፍል ነው ብሎ ለአከራዩ ደውሎ የነገረ ሰው ይኖራል።

በዚያው ዓመት ለአናሳ ዘር ገበሬዎች ዕዳ መሠረዣ የተያዘው ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብም በፍርድ ቤት ታገደ። ኮንግረስ በ2022 ሕጉን ሰርዞ በቦታው ሌላ ተካ፤ ዘሩ ምንም ይሁን ምን በግብርና ብድር ላይ መድልዎ ለደረሰበት ገበሬ 2.2 ቢሊዮን። በ2024 ከ43 ሺህ ለሚበልጡ ሰዎች ተከፈለ። ጥቁር ነህ ወይ ከማለት ምን ደረሰብህ ወደ ማለት ተዛወረ። አቅጣጫው ይኸው ነው።

የሐርቫርድን ጉዳይ ስለሰማችሁት ባጭሩ ልለፈው። በጁን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዩኒቨርሲቲዎች ዘርን በመቀበያ መስፈርትነት እንዳይጠቀሙ ከለከለ። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ የዘር መድልዎን ማጥፋት ማለት ሁሉንም ማጥፋት ማለት ነው አሉ። አንዲት ቀዳዳ ግን ተዉ፤ ተማሪው ዘሩ ሕይወቱን እንዴት እንደነካው በጽሑፍ ቢናገር ያ ሊታይለት ይችላል።

3 ሳምንት አልቆየም። በጁላይ 19፣ 2023 ቴኔሲ ውስጥ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ አልቲማ የሚባል ድርጅት ባቀረበው ክስ፣ ኤስቢኤ ያንን «ከቡድኑ ከሆነ ተጎድቷል» የሚለውን ግምት መጠቀም ያቁም አለ። ፕሮግራሙ አልተዘጋም። ሳጥኗ ናት ሥልጣኗን ያጣችው። ከዚያ ወዲህ አመልካች የራሱን ታሪክ መጻፍ አለበት። ገብተው የነበሩትም አዲስ ሥራ ለመውሰድ ጻፉ ተባሉ። የዲቢኢው ተራ ደግሞ በ2024 መጣ። ሁለት የኢንዲያና ድርጅቶች ኬንታኪ ውስጥ ከሰው እግድ አገኙ። በኦክቶበር 3፣ 2025 የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ ራሱ ግምቱን ከደንቡ አወጣው። የዘሩንም፣ የሴትነቱንም። ሰርተፊኬት የያዘ ሁሉ እንደ አዲስ ይመዘናል ተባለ።

አሁን ቅድም ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ልመለስ። የማስበውን ልናገር፤ የሚቆጣ ካለ በእራቱ ሰዓት ይቆጣኝ።

ያ ግምት ለእኛ ተብሎ አልተሠራም። የተሠራው አባቱ ባንክ በር ላይ ለተመለሰው፣ አያቱ መሬቱን ለተነጠቀው ለዚህ አገር ጥቁር ሕዝብ ነው። እኛ የተጠቀምነው በሰው ሐዘን ነው። ፍርድ ቤቶቹ «ያልተበደለው ምን ያደርጋል እዚህ?» ሲሉ የጠሩት አሊዩቱን ይሁን እንጂ ጥያቄው እኔንም ያገኘኛል። ግን አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ልብሱ ሰፋ ከተባለ ይጠበባል እንጂ ይጣላል እንዴ? ለአሊዩቱና ለሐበሻው አይገባም ከተባለ ለሚገባው ማስቀረት ይቻል ነበር። የሆነው ግን የሁሉም መውለቅ ነው። የእኛ መግባት ለነሱ መውጣት አንድ ምክንያት ሆነ ብዬ ሳስብ ደስ አይለኝም።

እዚህ አገር ምንም አልደረሰብንም እያልኩ አይደለም። በስልክ ስሙን ሰምተው ቦታው ተይዟል ያሉት፣ ጨረታ ላይ «እውነተኛው ባለቤት የት አለ?» ተብሎ የተጠየቀ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። ልዩነቱ አሁን ይህ መጻፍ አለበት። የኤስቢኤ ደንብ ደግሞ ጉዳቱ የደረሰው በአሜሪካ ኅብረተሰብ ውስጥ እንጂ በሌላ አገር መሆን የለበትም ይላል። አንድ ደንበኛዬ 4 ገጽ ጽፎ አመጣልኝ። ሦስት ተኩሉ ስለ ሱዳን በረሃ ነው። እያነበብኩ አለቀስኩ። ከዚያ «ይህ ሁሉ ይወጣል» አልኩት። «በሕይወቴ የደረሰብኝ መከራ እኮ ይኸው ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ፎርሙ የሚፈልገው ግን በበረሃው የሆነውን አይደለም፤ እዚህ ከመጣ በኋላ ለሥራ ሲያመለክት፣ ብድር ሲጠይቅ የሆነውን ነው። ቀን፣ ቦታ፣ ማን ምን አለ፣ ከዚያ የተነሣ ምን ቀረብህ ነው የሚለው።

ይህ ደግሞ ለእኛ ይከብደናል። መበደልን መናገር እንደ ልመና እናየዋለን። «ተወው፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብለን ወረቀቱን እንጥላለን። ጥሩ ጠበቃና ጥሩ ጸሐፊ መቅጠር የሚችለው ደግሞ ብዙም ያልተበደለው ነው።

መጨረሻ ላይ ጥያቄ ስንቀበል አንድ ወጣት ተነሥቶ «ታዲያ ሳጥኗ ላይ ምልክት ማድረግ እንተው?» አለ። አትተው፣ አልኩት። የሕዝብ ቆጠራም ሆነ ሌላ ቦታ ስትጠየቅ ያለህን ሙላ። ከእንግዲህ ብቻዋን ኮንትራት አታመጣም፣ ያ ነው።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። የጽዳት ድርጅት አላቸው፤ 11 ሰው ያሠራሉ። በ2009 አንድ ባንክ የንግድ ብድር ከልክሏቸዋል። በዚያው ወር የሳቸውን ያህል ገቢ ያላት ጎረቤታቸው ከዚያው ባንክ አግኝታለች።

«የክልከላው ደብዳቤ አለዎት እትዬ?» አልኳቸው።

«እንዴታ! ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አኑሬዋለሁ» አሉ።

የጎረቤትየውስ? ደውለው እንደሚጠይቋት ነገሩኝ። ሁለቱንም ይዘው ሰኞ እንዲመጡ ተቀጣጠርን።